መዝገብ ቤቱን ከእሳቱም ከማጥፊያውም ማዳን

ክረምቱ ሲወጣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በድባጤ ከተማ ዙሪያ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያው ሣር ደርቆ ገለባ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ በመተከል ምድር እሳት እንግዳ አይደለም። ገበሬው ማሳውን ሊያጸዳ፣ አዳኙ አውሬ ሊያስወጣ፣ ማር ቆራጩ ንብ ሊያጨስ ይለኩሰዋል። ነፋስ ሲነሣ ግን እሳቱ የለኮሰውን ሰው አይሰማም። ቀርከሃውን ይዞ፣ አጥር ተሻግሮ ቤት ደጃፍ ይደርሳል።

በዚያችው ከተማ፣ እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ፣ ወረቀት የሞላባቸው ክፍሎች አሉ። የገጠር መሬት ይዞታ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ማህደር፣ የልደትና የጋብቻ መዝገብ፣ የመምህሩና የጤና ባለሙያው የግል ፋይል፣ የጡረታ ሰነድ ሁሉ እዚያ ነው። በአገራችን የወረዳ መዝገብ ቤት ምን እንደሚመስል ጉዳይ ሊያስፈጽም የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የቺፑድ ኮርኒስ፣ ግድግዳው ላይ ጣሪያ ሊነካ የደረሰ የክላሰርና የቦክስ ፋይል ክምር፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ቀይ ሲሊንደር። ሲሊንደሩ ላይ የተንጠለጠለችው ካርድ ደብዝዛለች። መቼ እንደተሞላ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የዚህ ወረቀት ዋጋ ሰላም ባለበት ጊዜ ላይታይ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ድባጤን ጨምሮ በመተከል ዞን በተፈጸሙ ጥቃቶች ብዙ ሰው ተገድሏል፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሸሽቶ የወጣ ሰው ሲመለስ ቤቱ የነበረው የይዞታ ደብተር ከቤቱ ጋር ከጠፋ፣ ማሳው የእርሱ መሆኑን የሚመሰክርለት የወረዳው መዝገብ ነው። የሟች ወራሽ መሆኑን፣ የልጁን ዕድሜ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔውን የሚያገኘውም ከዚያው ነው። ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ኦሮሞውም ስሙ የተቀመጠው በአንድ መደርደሪያ ላይ ነው።

ታዲያ ይህን ክፍል ከእሳት የሚጠብቀው የትኛው መሣሪያ ነው? ገበያው ብዙ መልስ አለው፤ የውሃ መርጫ፣ ጋዝ፣ ዱቄት፣ ኤሮሶል፣ ኳስ። ሁሉም «አስተማማኝ» ተብሎ ይሸጣል። አስተማማኝነቱ ግን በሦስት ጥያቄ መፈተን አለበት። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው አይጎዳም ወይ? ወረቀቱን አያበላሽም ወይ? ከተገጠመ ከአምስት ዓመት በኋላም ድባጤ ላይ ይሠራል ወይ? በዓለም ዙሪያ የደረሱ አደጋዎች ለሦስቱም መልስ ትተዋል።

ውሃን የመፍራት ዋጋ

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ሕንፃ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር። ስድስት ፎቅ ነው። ሲነደፍ የውሃ መርጫ ይግባበት አይግባበት የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ቧንቧ ቢያፈስ ሰነዱ ይበላሻል የሚለው ስጋት አሸነፈና ሳይገባ ቀረ። የማከማቻ ወለሎቹን የሚከፋፍል እሳት የሚያቆም ግድግዳም አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 ላይኛው ፎቅ ተቀጣጠለ። እሳቱ ፈጽሞ ጠፍቷል እስኪባል አራት ቀን ፈጀ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደሮች ማህደሮች ወደሙ፤ ቅጂ አልነበራቸውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬም የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ጥቅማቸውን ለማስከበር ምትክ ማስረጃ ይፈልጋሉ።

በዚያ ቦታ የተፈራው ውሃ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ በገፍ መጣ። የሚገርመው ታዲያ ከዚያ ውሃ ውስጥ የወጣው ነው። ርሰው፣ ጠርዛቸው ከስሎ ከተገኙት ማህደሮች 6.5 ሚሊዮን ያህሉ በአየር አልባ ክፍል ውስጥ ደርቀው ተርፈዋል፤ ዛሬም ይነበባሉ። የረጠበው ተመለሰ፣ አመድ የሆነው ቀረ።

የሎስ አንጀለስ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቃጠል መጻሕፍት የሚከማቹበት ክፍል ውስጥ የውሃ መርጫ አልነበረም። 400,000 ያህል መጽሐፍ ወድሟል። በጀርመን ቫይማር የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲነድ 50,000 መጻሕፍት ጠፉ፤ በእሳትና በውሃ የተጎዱት ሌሎች 62,000 ያህሉ ግን ተሰብስበው፣ በረዶ ተደርገው፣ ቀስ ብለው እንዲደርቁ ተደርጓል። እነዚህ ታሪኮች የሚሉት ውሃ አይጎዳም አይደለም። ርጥብ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል፤ በድባጤ የክረምት ወበቅ ደግሞ ያንንም ላይጠብቅ ይችላል። ነገር ግን ሻጋታ መድኃኒት አለው።

ሰው የሚገድል ማጥፊያ

ውሃን ለማስቀረት ከተፈጠሩት መንገዶች ቀዳሚው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅንን ገፍቶ እሳቱን ያፍናል፤ ወረቀት አያርስም፤ ዱካ አይተውም። ችግሩ ከመጠኑ ይጀምራል። የተከመረ ወረቀት ውስጡ ተደብቆ የሚግም እሳት ስለሚይዝ፣ መዝገብ ቤት ሙሉ በሙሉ በጋዙ እንዲሞላ ሲነደፍ የአየሩ 65 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሆን ነው የሚሰላው። ሰው ግን 10 በመቶ ሲደርስ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት ከ1975 ወዲህ በእነዚህ ሥርዓቶች ሳቢያ 51 አደጋዎችን፣ 72 ሟቾችንና 145 ተጎጂዎችን መዝግቧል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይና ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል፤ ለማዳን የሚገባውንም ይጥላል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከባንኮክ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2016 ምሽት በሲያም ኮሜርሻል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ በሰነድ ማከማቻው ውስጥ፣ ሠራተኞች የእሳት መከላከያውን ለማሻሻል እየሠሩ ነበር። እሳት አልነበረም። ነባሩ የኤሮሶል ማጥፊያ ግን በስህተት ተነሣና ክፍሉን በደቃቅ ብናኝ ሞላው። ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ተጎዱ። ወረቀት ለማዳን የተገጠመ መሣሪያ አንዲት ገጽ ሳትቃጠል ስምንት ቤተሰብ አፈረሰ።

ለሰው ይሻላሉ የሚባሉ ጋዞችም አሉ። ኢነርጅን የሚባለው የ52 በመቶ ናይትሮጅን፣ የ40 በመቶ አርገንና የ8 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅልቅል ነው። የክፍሉን ኦክስጅን ከ21 ወደ 12.5 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። ነበልባል ከ15 በመቶ በታች አይቆምም፤ ጤነኛ ሰው ግን ወጥቶ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ሃሎን የተባለው ጋዝ በሞንትሪያል ስምምነት ምክንያት ከገበያ ወጣ፤ የተካው ኤፍ ኤም 200 ምድርን የሚያሞቅ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ስምምነት በተደረሰበት የኪጋሊ ማሻሻያ እየተገደበ ነው። ሌላውን ተተኪ ኖቬክ 1230ን ያመርት የነበረው ስሪኤም ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጨረሻ ከእንዲህ ያሉ ኬሚካሎች ምርት እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። ዛሬ ውድ ጋዝ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ነገ መሙያው ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ለድባጤ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ቀላል ጉዳይ አለ። ጋዝ የሚሠራው ክፍሉ ከያዘው ነው። እሳቱ ዳግም እንዳይነሣ ጋዙ ለአሥር ደቂቃ ያህል ክፍሉ ውስጥ መቆየት ይኖርበታል፤ ለዚህም ክፍሉ አየር ማፍሰስ አለማፍሰሱ በመሣሪያ ይለካል። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያለበት፣ በሩ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ያለ ክፍል ጋዙን አይዝም። በብዙ መቶ ሺህ ብር የተገዛው ጋዝ በዚያ ክፍተት ወደ ውጭ ይወጣና እሳቱ ይቀጥላል።

በሩ ላይ ያለው ቀይ ሲሊንደር

አብዛኛው የአገራችን መሥሪያ ቤት ያለው የኤቢሲ ዱቄት ማጥፊያ ነው። ጥቅሙ አይካድም፤ በርካሽ ይገኛል፤ የወረቀትንም፣ የነዳጅንም፣ የኤሌክትሪክንም እሳት ያቆማል። መዝገብ ቤት ውስጥ ሲነፋ ግን ቢጫ ደመና ክፍሉን ይሞላል፤ የያዘው ሰው በሩን ማየት ያቅተዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። ዋናው ቅመሙ ሞኖአሞኒየም ፎስፌት እርጥበት ይስባል፣ አሲድነትም አለው። በየገጹ መካከል ገብቶ ክረምት ሲመጣ ወረቀቱንም የክላሰሩንም ብረት ይበላል። እሳት ሲነካው የሚፈነዳው ኳስም የሚረጨው ያንኑ ዓይነት ዱቄት ስለሆነ ከዚህ አይለይም።

ለወረቀት ቀላሉና ለሰው የማያሰጋው የውሃ ማጥፊያ ነው። ዘጠኝ ሊትር ውሃ በግፊት የያዘ ሲሊንደር የቦክስ ፋይል እሳትን እስከ ሥሩ ድረስ ገብቶ ያበርዳል፤ ዱቄትና ጋዝ ላዩን ነክተው ሲያልፉ ውስጡ የሚግመውን ውሃ ያገኘዋል። ኤሌክትሪክ ካለ ግን አስቀድሞ ብሬከሩ መውረድ አለበት። ብሬከሩም ከመዝገብ ቤቱ ውጭ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ለማከፋፈያ ሳጥኑ አንድ አነስተኛ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ በዚያው ኮሪደር ቢሰቀል ይበቃል።

አንዲት የመስታወት ጠብታ

የጣሪያ የውሃ መርጫን በተመለከተ ሰው የሚያስበው ከፊልም የመጣ ነው፤ አንድ ጭስ ሲነሣ ሁሉም ቀዳዳ ተከፍቶ ሕንፃው ይጥለቀለቃል። በተለመደው መርጫ እንዲህ አይሆንም። እያንዳንዱ አፍ በራሱ የተዘጋ ነው። የዘጋውም የጣት ጥፍር የምታህል፣ ቀለም ያለው ፈሳሽ የያዘች መስታወት ናት። ሙቀቱ ሲደርስ ፈሳሹ ተስፋፍቶ መስታወቷን ይሰብራል፤ ከእሳቱ በላይ ያለችው አፍ ብቻ ትከፈታለች። ጭስ አይከፍታትም። ቀይዋ በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቢጫዋ በ79፣ አረንጓዴዋ በ93 ትሰበራለች። የበጋ ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር ቀይዋን መስቀል ስህተት ነው፤ ቢጫዋ ወይም አረንጓዴዋ ለእንዲህ ያለው ቦታ ናት።

«ድባጤ ላይ ፓምፕና ግፊት ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ስሌቱ ግን እንደሚፈራው አይደለም። የተለመደው መርጫ በአንድ ባር ግፊት በደቂቃ 80 ሊትር፣ በግማሽ ባር ደግሞ 57 ሊትር ገደማ ያፈስሳል። ግማሽ ባር ማለት ከመርጫው አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ነው፤ ቧንቧው የሚያባክነውን ለማካካስ ጥቂት ይጨመርበታል። ሁለት አፍ ቢከፈትና ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ 3,400 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ይህን በየከተማው ማማ ላይ የምናየው የ5,000 ሊትር ሮቶ ይይዘዋል። መብራት ሲጠፋም ውሃው ይወርዳል። ንድፉ የባለሙያ ሥራ መሆኑ የግድ ነው፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ምስጢር አይደለም። ቧንቧ ያፈስሳል ብለው ለሚሰጉ ደግሞ ቧንቧው ባዶውን ቆይቶ የእሳት ጠቋሚው ሲያረጋግጥ ብቻ ውሃ የሚሞላበት አሠራር አለ። እርሱ ግን ባትሪና ተከታታይ ጥገና ይሻል፤ ጥገና በማይገኝበት ቦታ ቀላሉ ይመረጣል።

ግድግዳም ያጠፋል

የመተከሉ ጥቃት በተፈጸመበት በዚያው በ2013 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2021፣ ከኬፕታውን የጠረጴዛ ተራራ ላይ የተነሣ ሰደድ እሳት ቁልቁል ወርዶ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት አነደደ። የንባብ አዳራሹ ጣሪያ ወደቀ፤ ስለ አፍሪካ የተጻፉ 70,000 ያህል ሥራዎች ጠፉ። ሆኖም የእሳት መዝጊያዎቹ ወርደው ስለነበር በምድር ቤቱ የተቀመጡት መዛግብት ከእሳቱ ተረፉ፤ ውሃ ቢገባባቸውም በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ አወጧቸው። ይህ ለመተከል የቅርብ ትምህርት ነው። እሳቱ የመጣው ከሶኬት ሳይሆን ከሣር ነበር።

ሰነድን በግድግዳ የመለየት ጥበብ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ብዙ ገዳማትና አድባራት ዕቃ ቤታቸውን ከቤተ መቅደሱ ለይተው ይሠራሉ፤ ጧፍና ዕጣን የሚነድበት ቤት የሣር ክዳኑ እሳት ቢይዘው እንኳ ብራናው በሌላ ግንብ ውስጥ ነው። ተቃራኒውንም ታሪክ ያሳያል፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ነደዋል።

ለድባጤ መዝገብ ቤት ይህ ማለት የተለየ የብሎኬት ክፍል፣ በቆርቆሮው ሥር የአርማታ ጣሪያ፣ የላሜራ በር፣ በወንፊት ሽቦ የተደፈነ የጣሪያ ሥር ክፍተት ማለት ነው። በነፋስ የሚበር ፍም የሚገባው በዚያ ክፍተት ነውና። በዙሪያው አሥር ሜትር ያህል ሣር ከጥቅምት ጀምሮ ተላጭቶ መቆየት አለበት። መደርደሪያው ብረት ቢሆን ምስጥም እሳትም ይቸገራሉ። ወረቀቱ በተከደነ ካርቶን ውስጥ ሲቀመጥ ከነበልባልም ከውሃም ጊዜ ይገዛለታል፤ ጥቅጥቅ ያለ ፋይል ከጠርዙ ከስሎ መሐሉ እንደሚተርፍ ሴንት ሉዊስ አሳይቷል። ተራ የላሜራ ሳጥን ግን እሳት ውስጥ ምጣድ ይሆናል። ለወረቀት የተሠራ እሳት መቋቋሚያ ካዝና ለአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ውስጡን ከ177 ዲግሪ በታች ይይዛል፤ አንድ እንዲህ ያለ ካዝና ለዋናው የይዞታ መዝገብ ይገባዋል።

ቁልፉ የማን እጅ ነው?

እሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች ይደርሳል ብሎ ለወረዳ ከተማ ማቀድ አይቻልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ብዙ መኪና ባለባት አዲስ አበባ እንኳ የመንገዱ ጥበት የማጥፋቱን ሥራ ፈትኖታል። ድባጤ ላይ መጀመሪያ የሚደርሰው ዘበኛው ነው። እርሱ ሌሊት ጭስ ቢሸተው መዝገብ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ በመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ቦርሳ ውስጥ፣ እርሷ ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ናት። የሰነዱ ምስጢርነት ይህን ያስገድዳል ይባላል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ መለዋወጫ ቁልፍ በታሸገ፣ በፊርማ በሚረከቡት ትንሽ ሳጥን ውስጥ በዘበኛው ቤት ይቀመጥ። ማኅተሙ ከተሰበረ ምክንያቱ በማግሥቱ ይጠየቃል።

በባትሪ የሚሠራ ጭስ ጠቋሚም ዋጋው ትንሽ ነው። አቧራና ነፍሳት ስለሚያስቱት በየወሩ መጠረግና መሞከር ይፈልጋል፤ ድምፁም ዘበኛው ጋ መድረስ አለበት። ለፍምና ለጅምር እሳት ደግሞ እያንዳንዱ ገበሬ የሚያውቀው በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ አለ። ኬሚካል ፈጽሞ ያልነካው፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚሞላ አንድ መርጫ «የመዝገብ ቤት» ተብሎ ቢጻፍበት ማንም ሥልጠና ሳያሻው ይይዘዋል። ከሁሉ በፊት ግን መነሻውን ማስወገድ ነው፤ የተላጠ ገመድ፣ አንድ ሶኬት ላይ የተደራረበ ማከፋፈያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራ ሻማ፣ ለቡና ተብሎ ኮሪደር ላይ የሚቀመጥ የከሰል ማንደጃ።

ሕጉ በበኩሉ ባዶ አይደለም። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991፣ የሕንፃ አዋጁ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 በየፊናቸው ስለ መዛግብት፣ ስለ ሕንፃ ደኅንነትና ስለ ምዝገባ ይደነግጋሉ። የገጠር መሬት መረጃም ወደ ብሔራዊው የኮምፒውተር ሥርዓት እየገባ ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በፊንላንድ ድጋፍ የመሬት ምዝገባው ከተሠራባቸው ክልሎች አንዱ ነው። ስካን ያልተደረገው አሮጌ ማህደር፣ በተለይ የፍርድ ቤቱና የወራሽነቱ፣ ግን አሁንም አንድ ቅጂ ብቻ ነው። መተከል ከአባይ ሰሜን፣ አሶሳ ከአባይ ደቡብ መሆናቸው ለዚህ ይጠቅማል፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ ግልገል በለስ ዞኑ ጋ፣ ሌላው አሶሳ ክልሉ ጋ ቢቀመጥ አንድ እሳትም አንድ ግጭትም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገኛቸውም።

የወረዳ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጥያቄው የሚዘጋጀው ግን ቀደም ብሎ፣ የቃጠሎው ጠረን ገና ከአካባቢው ሳይለቅ ነው። በዚያ ጥያቄ ላይ ሊሰፍር የሚችለው ዝርዝር አንድ ገጽ አይሞላም፤ ሁለት ባለ ዘጠኝ ሊትር የውሃ ማጥፊያ፣ ለማከፋፈያው አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ፣ ሦስት ጭስ ጠቋሚ፣ የወንፊት ሽቦ፣ የተከደኑ ካርቶኖች፣ አንድ ካዝና፣ ማማ ላይ ሮቶና ለባለሙያ ንድፍ የሚከፈል ገንዘብ፣ አንድ ስካነር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ የጥቅምት ሣር አጨዳ የቀን ሠራተኛ ክፍያ፣ ለዘበኛው ቤት ደግሞ አንዲት የቁልፍ ሳጥን።